ክፉ ቃል እንጂ ማስነጠስ አይዋጥም

ልጆቼ፣ እኛ የጋይንት ሰዎች መቻልን ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተን ያደግን ነን። ውርጩን እንችላለን፣ ክረምቱን እንችላለን፣ ከጉና የሚወርደውን ንፋስ ጋቢያችንን ተከናንበን እንችላለን። አባቶቻችንም ነገር እንድንችል ሲመክሩን «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» አሉን፤ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ብለውም አስጠነቀቁን። እውነታቸውን ነው። በሰው መካከል የወጣች አንዲት ክፉ ቃል ስንቱን ጎረቤት እንዳቆራረጠች፣ ስንቱን ደም እንዳቃባች በሽምግልና ተቀምጠን አይተናል። ቃልን ሆድ ይፍጀው ብሎ መያዝ ትልቅነት ነው።

ማስነጠስን ግን ሆድ አይፈጀውም። ዛሬ ሰብስቤ ላናግራችሁ የፈለግሁት በዚህ ነው። በለቅሶ ድንኳን፣ በቅዳሴ፣ በዕድር ስብሰባ፣ በትልቅ ሰው ፊት ስትቀመጡ አያችኋለሁ። አፍንጫችሁን በላ በላ ያደርጋችኋል፣ ዓይናችሁ እንባ ያቀራል፣ ደረታችሁ ይነፋል፤ ይሄኔ አፍንጫችሁን በሁለት ጣት ጨምድዳችሁ፣ ከንፈራችሁን ገጥማችሁ፣ ፊታችሁ ደም እስኪለብስ ድረስ መልሳችሁ ትውጡታላችሁ። ከጎናችሁ የተቀመጠው «ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው» ይል ይሆናል። እኔ ግን እደነግጣለሁ። ጉልበቴ ሳይከዳኝ በጤና ጣቢያ በድሬሰርነት ያገለገልሁ ሰው ነኝ፤ የሰው ጆሮና የሰው ጉሮሮ ምን ያህል ስስ እንደሆነ አውቃለሁ። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይባላል። መከራው ሳይቀድመኝ እኔ ልቅደምላችሁ።

አስቀድመን ማስነጠስ እንዴት እንደሚመጣ እንይ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አውድማ ቆማችሁ ገብስ ስታናፍሱ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መንሹ ሲነሣ ፍሬው ከእግር ሥር ይወርዳል፣ ጭዱ ፈንጠር ብሎ ያርፋል፤ እብቁ ግን አየር ላይ ተንሳፍፎ ወደ ሰው ፊት ይመጣል። የገብስ እብቅ ክፉ ነው። ያላበው አንገት ላይ ሲያርፍ ያሳክካል፣ አፍንጫ ሲገባ ደግሞ ውስጡ ያለውን ስስ ሽፋን ይቧጭራል። በሽፋኑ ውስጥ የተዘረጋው ነርቭ ወሬውን ወደ አንጎል ግንድ ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው እናንተን አስፈቅዶ የሚሆን አይደለም። ደረት አየሩን በረጅሙ ይስባል፣ ዓይን ይከደናል፣ ጉሮሮ ይዘጋል፣ የደረትና የሆድ ጡንቻ ተኮማትሮ ውስጥ ያለውን አየር ያምቀዋል። ጉሮሮው ድንገት ሲከፈት አየሩ በአፍና በአፍንጫ ተወርውሮ ይወጣል፤ እብቁንም፣ አቧራውንም፣ ንፍጡንም ይዞት ይሄዳል። ሳንባችን ንጹሕ ሆኖ የሚያድረው እንዲህ ባለው ሥራ ጭምር ነው። «ሲያስነጥሱ ልብ ትቆማለች» እያሉ የሚፈሩ አሉ። አትቆምም። ምቷ ለአፍታ ቢለዋወጥ ነው እንጂ ሥራዋን አታቋርጥም።

እንግዲህ ያ ሁሉ የታመቀ አየር ሊወጣ በተነሣበት ሰዓት አፍንጫውንም አፉንም ብትዘጉበት የት ይሂድ? ወደ ኋላ ይመለሳል። ከጉሮሮ ጀርባ ተነሥቶ ወደ መሐል ጆሮ የሚሄድ ጠባብ ቱቦ አለ፤ በእርሱ ገብቶ የጆሮን ታምቡር ከውስጥ ይገፋል። በግንባርና በጉንጭ አጥንት ውስጥ ያሉት ክፍት ቦታዎች፣ ያ ሳይነስ የምትሉት፣ ወደ አፍንጫ የተከፈተ በር አላቸውና ንፍጡን ወደዚያ ይመልሰዋል። በዓይን ነጭ ላይና በአፍንጫ ውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያስጨንቃል። የጉሮሮንና የአየር ቧንቧን ግድግዳ ይወጥራል። አፍና አፍንጫ አንድ ላይ ተዘግተው ሲያስነጥሱ በአየር ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት እስከ 20 እጥፍ ሊያድግ እንደሚችል ሐኪሞች ጽፈዋል።

ጽፈዋል ስል በባዶ ሜዳ አይደለም። የደረሰ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዝ ሐኪሞች በሕክምና መጽሔት ላይ ያወጡትን ልንገራችሁ። ሌስተር በምትባለው ከተማ አንድ የ34 ዓመት ጎልማሳ፣ ምንም ሕመም ያልነበረበት ሰው፣ ማስነጠስ ሲመጣበት አፍንጫውን ቆንጥጦ አፉን ገጠመ። ወዲያው አንገቱ ውስጥ አንድ ነገር ጧ ሲል ተሰማው። አንገቱ አበጠ፣ መዋጥ ቸገረው፣ ድምፁም ተለወጠ። ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሞቹ ከአንገቱ እስከ ጎድን አጥንቱ ድረስ ሲዳብሱት ቆዳው ሥር ይንኮሻኮሻል። እናንተ በኅዳር ማለዳ ከብት ልታወጡ ስትሄዱ አመዳይ የያዘውን ሣር ስትረግጡት ከእግራችሁ ሥር የሚሰማውን ታውቁታላችሁ፤ እንደዚያ። ጉሮሮው ተቀዶ፣ አየሩ በቀዳዳው ሾልኮ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሰውዬው በአፉ እንዳይበላ ተከልክሎ ምግቡን በአፍንጫው በገባ ቱቦ እየተቀበለ፣ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒቱን በደም ሥሩ እየወሰደ ለ7 ቀን ተኛ። ደግነቱ ዳነ። ሲያሰናብቱት የሰጡት ምክር አንድ ነው፦ ሲያስነጥስህ ሁለቱን የአፍንጫ ቀዳዳ ሁለተኛ እንዳትዘጋ።

ሁለተኛው የስኮትላንድ ሰው ነው፤ ነገሩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዚያው መጽሔት ወጣ። ይኼኛው አበባ በሚፈካበት ወራት አፍንጫው የሚቆጣ፣ አለርጂ ያለበት ሰው ነበር። የደኅንነት ቀበቶውን አስሮ መኪና ሲነዳ አስነጠሰው፤ እርሱም አፍንጫውን ቆንጥጦ አፉን ዘጋ። አንገቱን በኃይል አመመው፣ በሁለቱም ወገን አበጠ፣ እንደ ልብ ማዞር አልቻለም። በራጅና በሲቲ ስካን ሲያዩት የአየር ቧንቧው 2 ሚሊ ሜትር በ2 ሚሊ ሜትር ተቀዷል። ትንፋሹ ደኅና ስለነበረ ቀዶ ሕክምና ሳያስፈልገው ሆስፒታል አቆይተው ጠበቁት፣ የሕመም ማስታገሻና የአለርጂ መድኃኒት ሰጡት፣ ለሁለት ሳምንት ከባድ ሥራ ከለከሉት። ከ5 ሳምንት በኋላ ሲያዩት ቀዳዳው ገጥሟል።

ላስፈራራችሁ አልፈልግም። እንዲህ ያለው ጉዳት እጅግ ብርቅ ነው፤ ሐኪሞቹ ጽፈው ያወጡትም ብርቅ ስለሆነ ነው። ማስነጠሱን ከዋጠው ሰው ውስጥ አብዛኛው ምንም ሳይሆን ወደ ቤቱ ይገባል። የሌስተሮቹ ሐኪሞች ግን አያይዘው እንዳሰፈሩት፣ የጆሮ ታምቡር ሊቀደድ፣ አየር በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ሊጠራቀም፣ በአንጎል ውስጥ ቀድሞ የሳሳና ያበጠ የደም ሥር ያለበት ሰው ከሆነም ሊፈነዳበት ይችላል። እንዲህ ያለ የደም ሥር እንዳለው ከመካከላችን ማን ያውቃል? በደጉ ቀን አይናገር፣ አያምም። ብርቅ የሆነው አደጋ ማንን እንደሚመርጥ የማናውቅ ከሆነ፣ ለአንድ አፍታ ጨዋነት ብሎ ራስን ለዚያ ማጋለጥ ምን ይሉታል? «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያሉት ወደው አይደለም።

ብርቅ ያልሆነውም አለ። ጉንፋን የያዘው ሰው ደጋግሞ ሲውጠው ጆሮው ድፍን ይላል፣ ይወጋዋል፤ የተበከለው ንፍጥ ወደ መሐል ጆሮ ከተገፋ ጆሮው ሊመግል ይችላል። ነስር የሚቀናው ሰው ይነስረዋል። የዓይን ነጭ ላይ ደም ጠብ ብሎ ሲታይ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ ይህኛው መልኩ ያስፈራል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታከም በሳምንት በሁለት ሳምንት ይጠፋል። ሕፃናት ሲያስነጥሱ «ዝም በል!» ብላችሁ አፍንጫቸውን የምትይዙ እናቶች፣ እባካችሁ ተዉ። የሕፃን የጆሮ ቱቦ አጭርና አግድም ነው፤ ከአፍንጫ የተነሣው ወደ ጆሮ ለመድረስ ሩቅ አይሄድም።

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ ልግባ። እንግሊዙ ሰው አንገቱ ሲያብጥ ሆስፒታል ሄደ። የእኛ ሰውስ ምን ያደርጋል? ጉሮሮው አሞት መዋጥ ሲቸግረው «እንጥሌ ወረደ» ይላል። ልጅ ከሆነማ የሰፈሩ እንጥል ቆራጭ ይጠራለታል፤ በአንድ ምላጭ ወይም በተቆለመመ ብረት ይቆረጥለታል። ይህ በክልላችን ስንት ዘመን የኖረ ልማድ ነው። የጤና ሰዎች ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ብለው ቢያስተምሩም ዛሬም ከአንዳንዱ ቤት አልወጣም። እንጥል በመቁረጥ የሚድን ጉሮሮ የለም። ደም መፍሰስ አለ፣ ቁስሉ ማመርቀዝ አለ፣ መንጋጋ ቆልፍ አለ፣ ምላጩ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር ኤች አይ ቪም ሌላም በሽታ አብሮ ይዞራል። በማስነጠስ የተጎዳ ጉሮሮ ላይ ይህ ሲጨመርበት አስቡት።

አንገቱን የሚያመው ደግሞ «ተቀጭቶብኝ ነው» ብሎ ወደ ወጌሻ ይሄዳል። ወጌሻዎቻችንን አላቃልልም፤ የተናጋ ክንድና የወለቀ ትከሻ መልሰው ለብዙ ገበሬ የደረሱ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ማስነጠስ ዋጥ አድርጎ ወዲያው ያበጠ፣ ሲዳብሱት የሚንኮሻኮሽ አንገት በቅቤ የሚታሽ አንገት አይደለም። ሥሩ ያለው አየር ነው፤ በላዩ ደግሞ የተቀደደ ቧንቧ ወይም የተቀደደ ጉሮሮ ሊኖር ይችላል። እናንተ ወጌሻዎችም እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣባችሁ እጃችሁን ሰብስባችሁ «ይህ የእኔ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት» በሉ። ክብራችሁ ከዚህ ላይ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሕመምተኛውም ቢሆን የሆነውን አይደብቅ። «አፍንጫዬን ይዤ ነበር» ማለት ምን ያሳፍራል? «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ይህን አንድ ቃል ያልሰማ ሐኪም የአንገቱን እብጠት ምክንያት ሌላ ቦታ ሲፈልግ ጊዜ ያልፋል።

የቤተ ክርስቲያኑን ነገር ለይቼ ላንሣው፤ አብዝታችሁ የምትውጡት እዚያ ነውና። ቅዳሴ ላይ ጸጥታው ሰፍኖ ካህኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጸልይ ማስነጠስ እንደ ድፍረት ይቆጠርብን ይመስለናል። ዕጣኑም አለ፤ ጭሱ አፍንጫቸውን የሚቆጣቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቆረበ ሰው ጭንቀት ነው። ሥጋውን ደሙን ተቀብሎ፣ አፉን በነጠላው ሸፍኖ ሲወጣ ማስነጠስ ቢመጣበት ቅዱሱ ነገር ከአፉ ይወጣ ይሆን ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ አፍንጫውንም አፉንም አፍኖ ይይዛል። ፍርሃቱ የእምነት ፍርሃት ነውና አልነቅፈውም። ነገር ግን ሥርዓቱ ራሱ መፍትሔውን ይዟል። ከቁርባን በኋላ ጠበል መጠጣት አለ፣ አፍን በነጠላ መሸፈን አለ። ነጠላው ከአፍ ላይ ይሁን፣ ጣት ግን አፍንጫ አይቆንጥጥ፤ አየሩ በአፍንጫ ወጥቶ ነጠላው ላይ ይረፍ። ከዚህ አልፎ የሚያስጨንቃችሁ ነገር ቢኖር የምፈርደው እኔ አይደለሁም፣ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ካህናት አባቶቼንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ከስብከቱ ቀጥሎ አንድ ቀን «ሲያስነጥሳችሁ ሸፍናችሁ አስነጥሱ፣ ኃጢአት የለበትም» ብትሉልን፣ እኔ ዓመት ሙሉ ከምናገረው የእናንተ አንድ ቃል ይሰማል።

አንተ የአብነት ተማሪም ስማኝ። እዚህ በአካባቢያችን ድጓውን ሊያስመሰክር ቤተልሔም የሚወርደው፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን ፍለጋ ዙር አምባ የሚወጣው ልጅ ከአገር አገር ተሻግሮ የመጣው ድምፁን ይዞ ነው። ማደሪያው ጎጆ ጠባብ ነው፣ ምድጃው ያጨሳል፣ መኝታው ሣር ነው፣ ደበሎው አቧራ ይይዛል። ማስነጠሱ ሌት ተቀን ነው ማለት ይቻላል። ከመምህሩ ፊት ተቀምጦ ቀለም ሲቀበል ደግሞ ዜማው እንዳይቋረጥ ይውጠዋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚባለው እውነት ነው፤ መማር ግን በምን ይሆናል? በድምፅ። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ነው የአንተ ነገር። ያ እንግሊዛዊ መጀመሪያ ከተጎዱበት ነገሮች አንዱ ድምፁ እንደነበር አትርሳ። መምህርህን «አባቴ ይማሩኝ፣ አስነጠሰኝ» ብለህ ዞር በል፣ በደበሎህ ጫፍ ሸፍነህ አስነጥስ፣ ወደ ቀለምህ ተመለስ። መምህሩም «ይማርህ» ይልሃል እንጂ አይቆጣህም። ቢቆጣም የአንድ ቀን ቁጣ ነው።

በርበሬ የምትቆዪ ልጄ፣ አንቺስ? ምጣዱ ሲግል፣ በርበሬው ሲጠቁር ጎረቤት ድረስ ያስነጥሳል። ዱቄቱ ሲነፋም እንዲሁ ነው። እንግዳ ቤት ካለ ያንን ሁሉ ውጠሽ እንባሽን እየጠረግሽ ታሳልፊዋለሽ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው መድኃኒቱ፦ ሥራውን ከቤት አውጪው፣ ንፋሱን ከጀርባሽ አድርጊው፣ አፍና አፍንጫሽን በነጠላ ወይም በማስክ ቀድመሽ እሰሪ። አውድማ ላይ የሚውለውም እንዲሁ ያድርግ። በቅርቡ በቀዶ ሕክምና የወለድሽ እናት ከሆንሽ ግን በርበሬውንም አቧራውንም ለጊዜው ለሌላ ተዪው። ማስነጠስ ሲመጣብሽ ቁስልሽን ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ አስደግፈሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ ልቀቂው። በአፍንጫው፣ በጆሮው ወይም በዓይኑ ላይ በቅርብ ጊዜ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰውም አፉን ከፍቶ ያስነጥስ፤ አፍንጫውን ቆንጥጦ አይያዝ።

ደግሞ አንድ ልዩነት አለ፣ እሱን አስተውሉ። ገና አፍንጫን በላ በላ ሲያደርግ፣ ደረት አየሩን ሳይስብ፣ የላይኛውን ከንፈር ከአፍንጫ ሥር በጣት ጫን ማድረግ ወይም አፍንጫን አሸት ማድረግ ማስነጠሱን አንዳንዴ ያበርደዋል፤ ይህ አይጎዳም። ጉዳቱ ያለው አየሩ ከታመቀና ሊወጣ ከተነሣ በኋላ ሁለቱንም በር መዝጋቱ ላይ ነው። በመስከረምና በጥቅምት አበባ ሲፈካ፣ በበጋውም ወራት አቧራ ሲነሣ ማስነጠስ የሚያበዛባችሁ ሰዎችም በመዋጥ አትኑሩ። አለርጂ ሊሆን ይችላልና ተመርመሩ፤ መድኃኒት አለው። ከመድኃኒቶቹ አንዳንዱ እንቅልፍ ያመጣልና ሾፌሮች ስትወስዱ ባለሙያውን ጠይቁ።

ወዳጆቼ፣ ከውርደቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላው ሰው ነው የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ ማስነጠስ ወንጀል መሰለ። ስልክ ስንደውል ከጥሪው በፊት የሚሰማውን ማስጠንቀቂያ ትዝ ይላችኋል። መኪና ውስጥ ያስነጠሰ ሰው የሁሉ ዓይን ይተከልበት ጀመር። «ይማርህ» ሲባል «ያኑርህ» ብሎ መመለስ ልማዱ የነበረው ሕዝብ ፊቱን ያዞር ጀመር። ሰውም መዋጥን ያኔ አበዛው። ያ ዘመን አልፏል፣ የቀረው ልማድ ግን አብሮን አለ።

ለሰው ማሰባችሁ መልካም ነው። ከሚያስነጥስ ሰው አፍና አፍንጫ የሚወጣው የአየርና የእርጥበት ደመና እስከ 7 እና 8 ሜትር ሊርቅ እንደሚችል በአሜሪካ ያለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ጽፋለች። ጉንፋንም፣ ኢንፍሉዌንዛም፣ ኩፍኝም በዚህ መንገድ ይተላለፋሉ። ነገር ግን ሰውን ከዚህ የሚጠብቀው መሸፈን ነው፤ መዋጥ የሚጎዳው እናንተን ነው። ዞር በሉ፣ በክርናችሁ ውስጠኛ ወገን ወይም በጋቢያችሁ ጫፍ፣ በመሐረብ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ፣ ሸፍናችሁ ልቀቁት። እጅ ከነካው እጅ ይታጠብ፣ ሰላምታም ከመታጠቡ በኋላ ይሁን። ይህን ያደረገ ሰው ጨዋ ነው።

ሚኒባሱንም አልረሳሁም። ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ፣ ከዚያም በጨጨሆ በኩል ወደ ወልድያ አቅጣጫ የሚሄደውን መኪና ስንሳፈር መስኮቱን ድፍን አድርገን እንዘጋለን። አንዱ ትንሽ ከፈት ሲያደርገው «ንፋስ ይመታናል፣ ዝጋው!» የሚለው ብዙ ነው። አገራችን ብርድ ነውና አልፈርድም። ግን ከጎናችሁ የሚያስለው የሳንባ ነቀርሳ ይኑርበት አይኑርበት በምን ታውቃላችሁ? ኢትዮጵያን የዓለም ጤና ድርጅት የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። በሽታው ይበልጡን በሳል ነው የሚተላለፈው፤ በተዘጋ ቦታ ደግሞ ይከፋል። ጋቢ ደርቡ፣ አንገታችሁን በሻሽ ጠቅልሉ፣ መስኮቷን ግን ጣት ታህል ክፈቱ። ሾፌሩና ረዳቱ ቢያስከፍቱ ማንም አይቃወማቸው። ያኔ የሚያስነጥሰውም ሳይጨነቅ ሸፍኖ ያስነጥሳል፣ አጠገቡ ያለውም ንጹሕ አየር ያገኛል።

እናንተ ሽማግሌዎች፣ እኩዮቼ፣ ልጆቹ የሚውጡት እኛን ፈርተው ነው። በፊታችን ያስነጠሰውን በዓይናችን ስንገረምመው፣ በድንኳን ውስጥ «ውጣና አስነጥስ» ስንል ኖረናል። ከዛሬ ጀምሮ ልጅ ሲያስነጥስ ቶሎ ብለን «ይማርህ»፣ «ይማርሽ» እንበል። እኛ ሽማግሌዎቹ ካልቀደምን ይሉኝታውን ማንም አይነቅልልንም።

በመጨረሻ ይህን በልባችሁ ያዙልኝ። ማስነጠስ ከዋጣችሁ በኋላ አንገታችሁ ካበጠ፣ ቆዳው ሲነካ ከተንኮሻኮሸ፣ መዋጥ ካቃታችሁ፣ ድምፃችሁ ከተለወጠ፣ ደረታችሁን ከወጋችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ አትብሉ፣ አትጠጡ፣ ነገ ያልፍልኛል ብላችሁም አትደሩ። ድንገት ከባድ ራስ ምታት ከመጣም፣ ከጆሮ ደም ወይም ፈሳሽ ከወጣም እንዲሁ ነው። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አሉ፤ እነርሱ ወደ ጤና ጣቢያ ይልኳችኋል፣ ጤና ጣቢያውም ወደ ንፋስ መውጫ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ደብረ ታቦር። ስማዳም ያለ፣ እስቴም ያለ፣ ታች ጋይንትም ያለ ሰው ሌሊትም ቢሆን ጎረቤቱን ቀስቅሶ መኪና ይፈልግ፤ ሐኪም ፊት ሲደርስም የመጀመሪያ ቃሉ «ሲያስነጥሰኝ አፍንጫዬን ይዤ ነበር» ይሁን።